የተረፈው የት ይገባል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የጦሳ ተራራ ጭጋግ ወርዶ ፒያሳን ሸፍኗታል። ደሴ ብርድ ላይ ናት። ከቤት መውጣት ስላስጠላኝ የተጠራቀመውን ጥያቄ ማገላበጥ ያዝኩ፤ አብዛኛው ስለ መንግሥት መስሪያ ቤትና ስለ በጀት ነው።

የመንግሥት በጀት ዓመት ለምን በመስከረም አይጀምርም?

በጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ከእንቁጣጣሽ ጋር ዝምድና የለውም።

«ቆጠብን፣ ተቀጣን»

ኮምቦልቻ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ረጅም ደብዳቤ ልኮልኛል። ባጭሩ እንዲህ ነው። ባለጉዳይ ሦስት ቅጽ ይሞላ ነበር። እሱና አንዲት ባልደረባው ሦስቱን አንድ ገጽ አደረጓቸው። ባለጉዳይ ቶሎ ይሸኛል፣ ወረቀትና ቶነርም ተረፈ። በቀጣዩ ዓመት ግን «አምና አልተጠቀማችሁበትም» ተብሎ የጽሕፈት መሣሪያ በጀታቸው ተቀነሰ። «ታዲያ ሁለተኛ ምን አስለፋን?» ይላል።

አብሽር ወንድሜ። ንዴትህ ግን ትክክል ነው።

እኔም ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ለግል ጉዳዬ አንድ መስሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ደረጃው ሥር የወረቀት ካርቶን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። አጠገቡ ላስቲኩ ያልተላጠ አዲስ ወንበር ቆሟል። «ኮፒ ውጭ አስደርገህ ና፣ ማሽናችን ተበላሽቷል» ተባልኩ። ይሄ ሁሉ ወረቀት እያለ? ስል ጸሐፊዋ ሳቀች። የጥገናው ብር ቀድሞ አልቋል፣ የወረቀቱ ደግሞ ተርፎ ሰኔ ሳያልቅ «መቃጠል» ነበረበት።

ዓመቱ ሲዘጋ ያልወጣ ብር ለግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል። ይሄ በራሱ ክፋት የለውም፤ ምክር ቤት ያላጸደቀው ገንዘብ እንዳይወጣ ነው። ችግሩ የመጪው ዓመት በጀት ሲታሰብ መነሻው ያምናው ወጪ መሆኑ ላይ ነው። በዚህ ስሌት የቆጠበ ይቀጣል፣ ያባከነ ይሸለማል፣ አዲስ ነገር ልሞክር ያለ ደግሞ ከየት ብር እንደሚያመጣ ግራ ይገባዋል። ፌዴራል መንግሥቱ በ2004 ወደ ፕሮግራም በጀት ሲገባ ሐሳቡ «ምን ገዛችሁ?» ሳይሆን «ምን ሠራችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ወደ ታች ሲወርድ ግን አሁንም የሚቆጠረው ወንበር ነው።

ሌላ አገር ይቻላል። ስዊድን ውስጥ መስሪያ ቤቶች ከተፈቀደላቸው እስከ 3 በመቶውን ወደሚቀጥለው ዓመት ማሻገር ይችላሉ። ካናዳ ውስጥ ለሥራ ማስኬጃ እስከ 5 በመቶ ይፈቀዳል። ሰማይ አልተደፋም። እኛም ቢያንስ ከቆጠቡት ላይ ትንሿን ለሠራተኛው ሙከራ ብንተውላት፣ ሙከራው ባይሳካ እንኳ ኦዲተር «ብሩ የት ገባ?» ከማለት አልፎ «ምን ተማራችሁ?» ቢል እንዴት ጥሩ ነበር።

ለጊዜው ግን ሰኔን አትጠብቁ። የተረፈውን በብር አስልታችሁ ገና በበጀት ዓመቱ አጋማሽ የበጀት ዝውውር፣ ማለትም ብሩ ወደ ሌላ ሥራ እንዲዛወርላችሁ ጠይቁ። የመጪው ዓመት ጥያቄያችሁን በምታስረዱበት በጀት ስሚ ላይም «ተረፈን» ብላችሁ አትቁሙ፣ «በዚህ ብር ይሄንን ልንሠራ ነው» በሉ። ዝርዝሩን የበጀት ባለሙያችሁን ጠይቁ፣ እኔ አምደኛ ነኝ።

ወረፋ የሚያስቀር አፕ ሠርቻለሁ፣ መንግሥት ለምን አይገዛኝም?

ይሄ ሦስተኛ ደብዳቤህ ነው፣ የኔ ወንድም። መጀመሪያ አንድ ጠዋት ሄደህ ራስህ ወረፋው ላይ ቁም። ከፊትህ ያሉት እናቶች የያዙትን ስልክ እይ፤ ብዙው ባለ ቁልፍ ነው። ከዚያ ጻፍልኝ።

ሥራው እንዲፈጥን ግዥውን ለሁለት ከፍዬ ያለ ጨረታ ብገዛስ?

አይሆንም! ጨረታን ለመሸሽ ግዥ መከፋፈል በግዥ ሕጉ የተከለከለ ነው። «ለአዲስ አሠራር ነው» ማለትም አያድንዎትም። እባክዎ ምንም ሳይፈርሙ ነገ ጠዋት ለግዥ ባለሙያውና ለውስጥ ኦዲተሩ ያሳዩ። የሚሉዎትንም በጽሑፍ ይቀበሉ። የእኔን አምድ ይዞ የሚፈርም ሰው እንዳይኖር አደራ።

የከተማችንን በጀት እኔ ማየት እችላለሁ?

ይችላሉ እትዬ፣ የእርስዎም ገንዘብ አይደል? ብዙ ወረዳና ከተማ በጀቱን ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል። ካላገኙት ገንዘብ መምሪያ ገብተው ይጠይቁ። መነጽርዎን አይርሱ፣ ቁጥሩ ደቃቅ ነው።