ምረጡኝ ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

አንዳንዶቻችሁ ለቨርጂኒያ ምክር ቤት መወዳደር እንደምትፈልጉ ትነግሩኛላችሁ። እሰየው! ግን የምታወሩት ሁሉ ስለ ንግግርና ስለ ፖስተር ነው። እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ። የሁለቱንም ፓርቲ እጩዎች የዘመቻ ሂሳብ ይዣለሁ። ስለዚህ ቀድሜ የምጠይቃችሁ ሌላ ነገር ነው፤ የተሸነፋችሁ እንደሆነ በምን ትኖራላችሁ?

የቀድሞዋን የቨርጂኒያ ምክትል ገዥ የዊንሰም ኧርል-ሲርስን መንገድ እዩት። ወግ አጥባቂ ሪፐብሊካን ናቸው፤ እኔ በብዙ ነገር አልስማማቸውም። መንገዳቸው ግን ያስተምራል። ጃማይካ ተወልደው በስድስት ዓመታቸው አሜሪካ ገቡ። አባታቸው ሲመጡ ኪሳቸው ውስጥ 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ብቻ እንደነበር ደጋግመው ይናገራሉ። ማሪን ሆነው አገለገሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኖርፎክ ላይ ለሃያ ዓመት የተቀመጠ ዴሞክራት አሸንፈው የስቴቱ ተወካዮች ምክር ቤት ገቡ። ያውም አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር በሆነበት፣ ሪፐብሊካን ያሸንፋል ብሎ ማንም በማያስብበት ቀጠና።

አንድ ዘመን አገልግለው ኮንግረስ አማራቸው። በ2004 ዴሞክራቱን የኮንግረስ አባል ቦቢ ስኮትን ገጠሙና 69 ለ31 በመቶ ተዘረሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እስከ 2021 ድረስ የተመረጡበት ወንበር አልነበራቸውም። በስቴቱ የትምህርት ቦርድ ውስጥ ሠርተዋል፤ እሱ ግን የሹመት ቦታ ነው። በ2018 ለአሜሪካ ሴኔት ሲወዳደሩ ስማቸው በድምፅ መስጫው ላይ አልታተመም፤ መራጩ በእጁ እንዲጽፋቸው ነበር የጠየቁት። አልሆነም። እንጀራቸው ግን አልተቋረጠም። ዊንቸስተር ውስጥ የቧንቧ፣ የኤሌክትሪክና የቤት ማሽኖች ጥገና ድርጅት ነበራቸው። የሰው ፍሪጅ ሲበላሽ ማን ሪፐብሊካን ማን ዴሞክራት ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ምክር ቤት ብትገቡም ደሞዙን አትመኩበት። የቨርጂኒያ ተወካይ የዓመት ክፍያ ለረጅም ዘመን 17,640 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። በአሌክሳንድሪያ የቤት ኪራይ አስቡት እንግዲህ። በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ሥራችሁን ጥላችሁ ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበት ዋና ከተማ ሪችመንድ ትከርማላችሁ። ይህን የሚፈቅድ አለቃ፣ ወይም የራሳችሁ ሥራ ያስፈልጋችኋል።

ሌላው ነገር ወደ እጩነት የሚያስገባው በር ነው። በ2021 የቨርጂኒያ ሪፐብሊካኖች እጩዎቻቸውን የመረጡት በፕራይመሪ፣ ማለትም ተራው መራጭ ወጥቶ እጩ በሚመርጥበት ድምፅ አሰጣጥ ሳይሆን በፓርቲ ጉባኤ ነው። ድምፅ የሰጡት ቀድመው የተመዘገቡ ልዑካን ናቸው። ኧርል-ሲርስ ያኔ አለፉ፤ በኖቬምበርም ምክትል ገዥ ሆነው ተመረጡ። በ2025 ለአገረ ገዥነት ሲቀርቡ ደግሞ በፓርቲያቸው ውስጥ የሚገጥማቸው ጠፋ። ለምን? ሊገጥሟቸው የተነሱት በቂ ፊርማ ማቅረብ አልቻሉም! በመላው ስቴት ለሚደረግ ውድድር 10,000 ፊርማ ያስፈልጋል፤ ከእያንዳንዱ የኮንግረስ ቀጠና ቢያንስ 400። ስንት የተዋጣለት ተናጋሪ ወረቀት አላሟላም ተብሎ ይቀራል መሰላችሁ።

አንድ ነገራቸውን ወድጄዋለሁ። ምክትል ገዥው የሴኔቱ ሰብሳቢ ስለሆነ ያለፉ ሕጎች ላይ ይፈርማል። በ2024 የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን የሚመለከት ሕግ ሲደርሳቸው ፈረሙ፤ ግዴታቸው ነውና። ከፊርማቸው ጋር ግን ሕገ መንግሥታዊ ግዴታዬን አከብራለሁ፣ ይዘቱን ግን በሞራል እቃወማለሁ የሚል ቃል በእጃቸው ጻፉበት። አቋሙ ላይ እኔ ሌላ ነኝ። ግን ሥራውንም አላስተጓጎሉም፣ ሐሳባቸውንም አልደበቁም። በእርግጥ ያስከፍላል። ተቃዋሚዎቻቸው በምርጫው ጊዜ ያንን ጽሑፍ አልረሱትም። በ2022 ትራምፕ ዳግም እንዳይወዳደሩ የሰነዘሩት ቃልም ከገዛ ወገናቸው ቂም አትርፎላቸዋል። በ2025 ኖቬምበር በዴሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር በ15 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ተሸነፉ።

ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ። በ2021 የባይደን አስተዳደር በኢትዮጵያ ጦርነት ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ ወገኖቻችን ለሪፐብሊካኑ የአገረ ገዥ እጩ ለግሌን ያንግኪን ሲቀሰቅሱ አስታውሳለሁ። ጉልበቱ ደስ ይል ነበር። ምርጫው ሲያልፍ ግን ከማውቃቸው ብዙዎቹ በየቤታቸው ገቡ። የካውንቲው የፓርቲ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ወንበር ይዞ የቀረ ጥቂት ነው። ያ ስብሰባ አሰልቺ ነው፣ አልዋሻችሁም። ቃለ ጉባኤ ይነበባል፣ ስለ አዳራሽ ኪራይ ይጨቃጨቃሉ። እጩ የሚታጨው ግን እዚያ በሚተዋወቁ ሰዎች ነው።

ለስቴቱ ተወካዮች ምክር ቤት 125 ፊርማ ነው የሚጠየቀው። እናንተ እጥፉን ሰብስቡ፤ ከቀጠናው ውጭ የሚኖር ሰው የፈረመው ይሰረዛል። ቨርጂኒያ ለዘመቻ መዋጮ ጣሪያ የላትም፤ ስለዚህ ማን ስንት እንደሰጣችሁ ሁሉም ገብቶ ያየዋል ብላችሁ ተቀበሉ። የዘመቻውን የባንክ ሂሳብ ከራሳችሁ ጋር እንዳትቀላቅሉ። እኔ ጋ የምትመጡ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ ቡና አለ። ደረሰኛችሁን ግን በፌስታል አጭቃችሁ እንዳታመጡብኝ።