ስፕሊት ሳደርገው የአባት ስም ለሁለት ተቆረጠብኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የሰፈራችንን እድር መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው፣ ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ዩቲዩብ እያየሁ በራሴ ነው የተማርኩት። የእድሩ ጸሐፊ በቴሌግራም የላኩልኝ ቴክስት ፋይል ላይ በየመስመሩ ስም ከነአባትና አያት፣ ስልክ ቁጥርና የተከፈለ ብር በስፔስ ብቻ ተለያይቶ ተጽፏል። መስመሩን ወደ ቃላት በሚቆርጠው ስፕሊት ቆርጬ አራተኛው ስልክ ነው አምስተኛው ብር ነው ብዬ ስወስድ ለአንዳንዱ ሰው ልክ ይመጣል፣ ለሌላው ግን ስልክ መሆን ያለበት ቦታ ላይ የአያቱ ስም ቁጭ ይላል። ፕሪንት ሳደርግ ብሩ አይሰለፍም፣ ኤክሴል ላይ ስከፍተው ደግሞ አማርኛው ጭራሽ አይነበብም። ምን ላድርግ?
ት. ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ ት. ኮድሽ ብዙ ችግር የለበትም፣ ስሙን ከግራ መቁጠርሽ ነው ያስቸገረሽ። ስፕሊት ቅንፉን ባዶ ትተሽ ስትጠሪው ስፔስ ባገኘ ቁጥር ይቆርጣል፣ ወልደ ማርያም አንድ ስም ይሁን ሁለት ስም የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እኛ ጋ ደግሞ ገብረ መድህን አለ ተክለ ሃይማኖት አለ ኃይለ ሚካኤል አለ፣ አባትም አያትም እንደዚህ የሆነበት ሰው ስሙ ብቻ አምስት ቃል ይሆናል፣ ስለዚህ ከግራ ተነስተሽ አራተኛው ስልክ ነው ማለት በፍጹም አያስኬድም።

ከቀኝ ቁረጪው። አርስፕሊት የሚባል አለ፣ ከመጨረሻ ተነስቶ ነው የሚቆርጠው፣ ማክስስፕሊት የሚለውን 2 ካደረግሽለት መጀመሪያ ብሩን ቀጥሎ ስልኩን ይለይልሽና የቀረውን ስም በሙሉ፣ ሦስት ቃልም ይሁን አምስት፣ ሳይነካ በአንድ ላይ ያስቀምጥልሻል። ስልኩን በመሀሉ ስፔስ እያደረጉ የጻፉት ካለ ግን ይሄም ይሳሳታል፣ እንደዛ ያሉትን መስመሮች በሪጀክስ፣ ማለትም በጽሑፍ ንድፍ መፈለጊያው፣ የመጀመሪያው አሃዝ ያለበት ቦታ ላይ ቁረጫቸው፣ ከዛ በፊት ያለው ሁሉ ስም ነው።

ስም፣ አባት፣ አያት ብለሽ የግድ መለየት ካለብሽ ገብረ፣ ወልደ፣ ወለተ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ አምደ፣ ፍቅረ የሚሉትን በሊስት ያዢና ከነዚህ አንዱ ሲመጣ ከሚቀጥለው ቃል ጋር አጣብቂው። በግዕዝ ፊደል (በመጀመሪያው ድምፅ፣ እንደ ለ፣ በ፣ ደ) የሚያልቅ ሁሉ ይጣበቅ የሚል አቋራጭ እንዳትሞክሪ፣ አበበና ከበደም በግዕዝ ነው የሚያልቁት። ኃይለን አንዱ በሀ ሌላው በሃ ይጽፈዋል፣ ስለዚህ ስታነጻጽሪ በትራንስሌት ኃ፣ ሐ፣ ሀ ምናምኑን ወደ አንድ አምጪው፣ ግን ለማነጻጸር ብቻ ነው እሺ፣ ፋይሉ ላይ የሚቀመጠው ባለቤቱ እንደጻፈው ይሁን። የሰው ስም ነው፣ ለኮዳችን እንዲመች ብለን ፊደሉን ልንቀይርበት አይገባም፣ በዚህ ላይ ጥንቃቄሽን አደራ። ገ/መድህን እያሉ በስላሽ የሚያሳጥሩት ስፔስ ስለሌለው ራሱ አንድ ቃል ሆኖ ይመጣልሻል፣ ስላሹ ላይ እንዳትቆርጪው ብቻ።

ወደ ፕሪንቱ ስንመጣ፣ ኤፍ ስትሪንግ፣ ማለትም ጽሑፍ ውስጥ ቫሪያብልን በቅንፍ የምታስገቢበት፣ ከፓይተን 3.6 ጀምሮ ስላለ እሱን ተጠቀሚ። በቅንፉ ውስጥ ከቫሪያብሉ ቀጥሎ :>10, ብትይ ቁጥሩን ወደ ቀኝ ያስጠጋና ሺውን በኮማ ይለይልሻል፣ መጀመሪያ ግን ብሩን በኢንት ወደ ቁጥር ቀይሪው፣ ጽሑፍ እንደሆነ ከተውሽው ኮማውን ሲያይ ኤረር ይሰጥሻል። ስሙን በ:<25 ማሰለፍ እንደ እንግሊዝኛው ቀጥ አይልልሽም ምክንያቱም ፓይተን የሚቆጥረው የፊደሉን ብዛት ነው እንጂ ስፋቱን አይደለም፣ ጠና ሐ ሰፊ ናቸው ነና ገ ቀጭን ናቸው፣ ሁለት ስም እኩል ፊደል ኖሮት ስክሪን ላይ እኩል አይሆንም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጪው፣ ብሩን መጀመሪያ ስልኩን ቀጥሎ ስሙን መጨረሻ ላይ አድርጊ፣ ከስሙ በኋላ ምንም ከሌለ ቢረዝምም ቢያጥርም የሚያበላሸው ነገር የለም።

ኤክሴሉ የኢንኮዲንግ ጉዳይ ነው፣ ፊደሉ ፋይል ላይ በምን ኮድ እንደተቀመጠ ማለት ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኮድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ኤክሴል ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን የሚነግረው ምልክት ካላገኘ በድሮው የዊንዶውስ ኮድ ያነበውና በየፊደሉ ሦስት ሦስት የማይገናኝ ምልክት ይደረድርልሻል። ስትጽፊ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 ሰረዝ ሲግ (utf-8-sig) በይው፣ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያንን ምልክት ያስገባልሻል። ኮለሞቹን በኮማ ለይቶ የሚጽፈውን ሲኤስቪ የሚባለውን ሞጁል ተጠቀሚ እንጂ በጆይን ኮማ እየቀጠልሽ አትጻፊ፣ አንድ ሰው ማስታወሻ ላይ ኮማ ካለው መስመሩ ይዛባል። ስልኩን ደግሞ ፓይተን ላይ ወደ ቁጥር አትቀይሪው፣ ኤክሴልም ዝም ብለሽ ደብል ክሊክ አድርገሽ ከከፈትሽው የፊቱን 0 ይጥለዋል፣ ዳታ ከሚለው ገብተሽ ፋይሉን ስታስገቢ የስልኩን ኮለም ቴክስት አድርጊው።

ጥያቄ፦ የድሮ ጽሑፍ እየተየብኩ ነው፣ በየቃሉ መሀል ሁለት ነጥብ አለው። ስፕሊት ሳደርገው መስመሩን እንዳለ አንድ ቃል አድርጎ ይመልስልኛል። በግዕዝ ቁጥር የተጻፈውን ዓመትስ እንዴት ላንብበው?
ዲያቆን ነኝ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ዲያቆን፣ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ደንብ፣ ፡ን የሚቆጥራት እንደ ሥርዓተ ነጥብ ነው፣ እንደ ስፔስ አይደለም፣ ስለዚህ ባዶው ስፕሊት አያያትም። በሪፕሌስ ወደ ስፔስ ይቀይሯትና ከዛ ስፕሊት ያድርጉ። ግን ከዛ በፊት አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አራት ነጥብን የሚተይበው ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመምታት ነው፣ ሲያዩት ። ይመስላል ለኮምፒውተሩ ግን ፡፡ ነው። መጀመሪያ ፡፡ን ወደ ። ይቀይሩ፣ ቀጥሎ የቀረችውን ፡ ወደ ስፔስ፣ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ የሚነግርዎ ምልክት ሁሉ ይጠፋል። የፓይተን ስትሪንግ ሞጁል ውስጥ ያለው የሥርዓተ ነጥብ ዝርዝርም የእኛዎቹን ስለማይጨምር ።፣፤፥፦ን ራስዎ ይጻፉለት።

ቁጥሩ ላይ አሃዝ መሆኑን የሚጠይቀው ኢዝዲጂት እንዳያታልልዎ፣ ፩ን አሃዝ ነው ይላል ኢንት ግን አይቀበላትም፣ ፲ን ደግሞ ጭራሽ አሃዝ አይደለም ይላል። ዩኒኮድዳታ የሚለው ሞጁል ውስጥ ያለው ኑሜሪክ የእያንዳንዱን ዋጋ ይሰጥዎታል፣ ፳ 20፣ ፻ 100፣ ፼ 10000 እያለ። ከ፻ በፊት ያለውን በመቶ ያባዙታል፣ ከኋላ ያለውን ይደምሩታል፣ ፳፻፲፭ ሲሆን 20 በ100 ተባዝቶ 15 ይደመርበትና 2015 ይወጣል።