ጭቅጭቅ ላይ ልብሽ ሲደልቅ

«ከባሌ ጋር ስንጨቃጨቅ ልቤ ይደልቃል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ የማይሆን ነገር ተናግሬ እጸጸታለሁ» ላልሽው፦ ልብሽ መደለቅ ሲጀምር ንግግሩን እዚያው አቁሚ። ሰውነትሽ አድሬናሊን የሚባል ልብ የሚያስደልቅ ሆርሞን ረጭቷል፤ እስኪበርድ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል።

«ተናድጃለሁ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንቀጥል» በይው። ሰዓቱን ካልጠቀስሽ ጥለሽው የሄድሽ ይመስለዋል።

ሌላ ክፍል ገብተሽ 4 እየቆጠርሽ በአፍንጫሽ አየር ሳቢ፣ 6 እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ በአፍሽ አስወጪ። 5 ደቂቃ ይበቃል፤ ካዞረሽ ወደ ተለመደው አተነፋፈስሽ ተመለሺ። ከዚያ ልብስ እጠፊ፣ ወይ ወጣ ብለሽ ተራመጂ። ቡናው ይቆይ፣ ልብ ምቱን ሊያብስብሽ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እረፍቱ ላይ ነው። «እንዲህ ብዬው ቢሆን ኖሮ» እያልሽ ካብሰለሰልሽ፣ ወይም ለእህትሽ ደውለሽ ሁሉንም ከተረክሽላት ንዴቱ አይበርድም። ባልሽው ሰዓት ደግሞ ካልተመለስሽ ነገሩ ኩርፊያ ይሆናል።