«ካርታ አለኝ፣ ፕላኑ ግን አረንጓዴ ይላል» ላልከው ወንድሜ

«ደሴ ከአባቴ የወረስኩት ይዞታ ካርታ አለው፤ ቤት ልሥራ ስል ግን በፕላኑ አረንጓዴ ቦታ (ለዛፍና ለመናፈሻ የተተወ) ነው ተባልኩ። ታዲያ ካርታው ምን ይሠራል?» ብለሃል። እኔን የገጠመኝን ልንገርህ።

ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ዳር ቤት ያለበት ይዞታ ገዛሁ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣራሁ፤ ፕላኑን ለማየት ግን አልጠየቅሁም። ከጓሮ ሰርቪስ ቤት ለመሥራት ፕላን ስምምነት (በፕላኑ ላይ ቦታው ለምን እንደተመደበ የሚገልጽ ማረጋገጫ) ስጠይቅ፣ ለካ በፕላኑ ላይ መንገድ አትክልቴን ሰንጥቆ ያልፋል። ሻጩም አላወቀም። ጥፋቱ የእኔው ነው።

አዋጆቹን ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። እኛ ስንሰማው ያደግነው ሕግ መሬቱ የማን ነው የሚለውን ነበር። በ1967 የገጠሩ በአዋጅ ቁጥር 31፣ የከተማው በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆነ (አባቴ ያኔ የተወረሰውን «ትርፍ ቤት» ሲያነሡ ዛሬም ድምፃቸው ይለወጣል)። የከተማ ቦታ ከመንግሥት በኪራይ የሚያዝበት ሊዝም በ1986፣ በ1994 እና በ2004 ሦስት ጊዜ ታወጀ። በያዝከው ቦታ ላይ ምን ይሠራበታል የሚለውን ለከተሞች ያሰረው ግን የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነው። መዋቅራዊ ፕላኑ የከተማውን የመሬት አጠቃቀም ለ10 ዓመት ይወስናል፤ የአካባቢ ልማት ፕላኑ ሠፈሩን ይዘረዝራል። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ደግሞ ግንባታን ከዚሁ ጋር አስተሳሰረ።

ስለዚህ ካርታህ ይዞታው የአንተ መሆኑን ይመሰክራል፤ ግንባታ ግን አይፈቅድም። አረንጓዴ ተባለ ማለትም ተወሰደብህ ማለት አይደለም፤ ለሕዝብ ጥቅም ከተነሣህ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ ይከፈልሃል።

መልሱን በጽሑፍ ጠይቅ። ፕላኑ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደጸደቀ አጣራ። ክለሳ ካለ ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ ተገኝ፤ ከጸደቀ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ እንደ ዘገየ ዝናብ ነው።

አንድ ነገር ግን ልቆጣህ። ቦታህ ጦሳ ተራራ ሥር ወይም አዝዋ ገደል አጠገብ ከሆነ፣ አረንጓዴው ቀለም ያለ ምክንያት አልተቀባም። ደሴ ክረምት ሲከብድ መሬቷ የሚንሸራተት ከተማ ናት። የቀድሞው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 እንኳ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነን መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ ከልክሎ ለዛፍና ለመኖ ተወው። በሬ ያልቆመበት ላይ ፎቅ?

እኔ ሰርቪሱን ወደ ግራ ገፍቼ ሠራሁ። መንገዱ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ መስመሩ ላይ ጎመን ተክዬበታለሁ።