«ቅዳሜ ካልሽ ቅዳሜ ነይ»፦ ዓይነ ስውራንን ማገዝ ለምትፈልጉ ጥያቄና መልስ

በሰፈራችን ባለች አንዲት ትንሽ የዓይነ ስውራን ማኅበር ውስጥ በፈቃደኝነት ሳገለግል አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ዋናው ሥራዬ ስድስት ኪሎ ለሚማሩ ተማሪዎች ማንበብ ነው። ገንዘብ ማሰባሰቡም ላይ አለሁበት። የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ ሥራ ይበዛብኛል። ያለኝ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው። ምን ይረባል?

በጣም ይረባል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ቅዳሜ ካልሽ ቅዳሜ ነይ። አንድ የሕግ ተማሪ ነበር። ሦስት ሰዎች እናነብልሃለን ብለውት ሦስቱም ቀሩ። ፈተናው ሰኞ ነበር። ሀንዳውቱን ጭኑ ላይ አድርጎ እስኪመሽ ጠበቀ። በሳምንት ሁለት ሰዓት የማይቋረጥ ከሆነ፣ አንድ ሰሞን ሙሉ ቀን ውሎ ከሚጠፋ ሰው እሱን እመርጣለሁ።

መጽሐፍ በድምፅ መቅዳት እፈልጋለሁ። ስቱዲዮ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ስልክህና ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃሉ። መጀመሪያ የመጽሐፉን ርዕስና ምዕራፉን ተናገር። ገጽ በቀየርክ ቁጥር የገጹን ቁጥር በል፤ መምህሩ «ገጽ 42ን ተመልከቱ» ሲል ተማሪው ቶሎ ያገኘዋል። አንድ ምዕራፍ በአንድ ፋይል ይሁን። ሠንጠረዥና ሥዕል አትዝለል፤ የሚታየውን በቃል ግለጽለት። እንግዳ የውጭ ቃል ሲያጋጥምህ ፊደሉን ቁጠርለት። አነባበቡን ግን ድራማ አታድርገው። ብዙዎቹ ፍጥነቱን ጨምረው ነው የሚያዳምጡት።

መተየብ የምትችሉ ደግሞ ወርቅ ናችሁ። ፎቶ ተነስቶ የተላከ ሀንዳውት ለስክሪን ሪደር (ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ለሚያነብ ፕሮግራም) ሥዕል ነው፤ ጽሑፍ መሆኑን አያውቅም። በትክክል ከተተየበ ግን ኤንቪዲኤን በመሰለ ነጻ ፕሮግራም ተማሪው ራሱ ያነበዋል።

ይህ የደራሲን መብት መንካት አይሆንም?

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የማራኬሽ ስምምነት ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ተብሎ እንዲህ ያለ ቅጂ እንዲዘጋጅ በር የከፈተ ነው። ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ስለዚህ በማኅበር በኩል ሥሩ። ቅጂውን ለማንም በቴሌግራም አትበትኑት።

መንገድ ላይ ዓይነ ስውር ሳይ እጁን ይዤ ላሻግረው እላለሁ። አንዳንዶቹ ይቆጡኛል። ለምን?

አንተንስ የማታውቀው ሰው ድንገት ቢጎትትህ አትደነግጥም? መጀመሪያ ሰላም በል፤ ከዚያ ላግዝህ ወይ ብለህ ጠይቅ። አይ ካለህ ጠልቶህ አይደለም፣ መንገድህን ቀጥል። እሺ ካለህ ክንድህን ስጠው። ከክርንህ ከፍ አድርጎ እሱ ይይዝሃል። አንተ ግማሽ እርምጃ ቀድመህ ሂድ። ደረጃ ላይ ስትደርሱ ቆም በልና መውጫ ወይም መውረጃ መሆኑን ንገረው። «ተጠንቀቅ!» ብቻ ምንም አይነግረውም። ክዳን የሌለው ቱቦ ካለ በየት በኩል እንደሆነ ንገረው። በትሩን አትንካበት።

ገንዘብ ለማሰባሰብ ባዛር አስበናል። ያዋጣል?

ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። እኛ አንድ ዓመት አዳራሽ ተከራይተን፣ ድንኳንና የድምፅ መሣሪያ ከፍለን፣ የተረፈን ለአንድ ሴሚስተር የብሬል (በጣት እየተዳሰሰ የሚነበብ የነጥብ ጽሑፍ) ወረቀት እንኳ አልበቃም። አንጀቴ ነው ያረረው። ከዚያ ወዲህ የበጀን እድር ነው። የወሩ ስብሰባ ላይ አምስት ደቂቃ ጠየቅንና አንዲት ተማሪያችን ራሷ ተናገረች። ስለ ችግሯ ብዙ አላወራችም። ስሌትና ስታይለሷን (ብሬል በእጅ የሚጻፍባቸውን ሰሌዳና መውጊያ) አውጥታ የዳኛውን ስም በብሬል ጽፋ ሰጠቻቸው። ወረቀቷ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር አየሁ። በዚያው ቀን አባላቱ ከወር መዋጯቸው ጋር ጥቂት ብር ሊጨምሩ ተስማሙ። ትንሽ ናት፤ ግን በየወሩ ትመጣለች።

ብሩ ምን እንደሚገዛም ተናገሩ። የብሬል ነጥብ እንዳይጨፈለቅ ወፍራም ወረቀት ይፈልጋል። በአማርኛ ብሬል ደግሞ ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ስለሚጻፉ ቦታ ይፈጃል። አንዱ መማሪያ መጽሐፍ ብዙ ጥራዝ ይሆናል። ሰው ይህን ሲሰማ ወረቀት ወረቀት የምንለው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

አደራ፣ ሰውን ለማስለቀስ ብላችሁ ፎቶ አትለጥፉ። ባለቤቱን አስፈቅዱ። ፎቶውን ማየት ስለማይችል ምን እንደሚያሳይ ንገሩት፤ ከሥሩ የጻፋችሁትንም አንብቡለት። ስታነቡለት ካፈራችሁበት፣ ጽሑፉ ትክክል አይደለም።

ብራችን የት እንደሚደርስ በምን እናውቃለን?

ድርጅቱ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ጠይቁ። ገንዘቡ በድርጅቱ ስም በተከፈተ አካውንት ይግባ እንጂ በግለሰብ ስልክ አይሁን። ደረሰኝ ተቀበሉ። ሕጉ የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ እሱንም ጠይቁ። ደህና ማኅበር ተጠየቅሁ ብሎ አይቀየምም።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ነጭ በትር ልላክ?

እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ከመግዛትዎ በፊት ይደውሉ። በትር እንደ ጫማ በልክ ነው። ቁመቱ ብዙውን ጊዜ እስከ ተጠቃሚው ደረት አጥንት ይደርሳል፤ አንዳንዱ ከዚያም ይረዝማል። አንድ ዓይነት ቁመት ብቻ ከላኩ ልጆቹ አይጠቀሙበትም። መለዋወጫ ጫፍም ይጨምሩበት። በእኛ ኮብልስቶን ቶሎ ያልቃል።

ትምህርት ቤታችን ዝግጅት ማድረግ ይፈልጋል። መቼ ይሻላል?

ጥቅምት 5፣ የነጭ በትር ቀን። የብሬል ቀን ደግሞ ታኅሣሥ 26 ነው። ተናጋሪው ዓይነ ስውር ይሁን።

እኔ ራሴ ማየት ካቆምኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ለእኔ የሚሆን ሥራ አለ?

አንቺን ነው ስንፈልግ የኖርነው፣ እህቴ። በቅርብ ማየት ያቆሙ ሁለት አባቶች አሉን። እኔ በስሌት ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚጻፍ፣ ወረቀቱ ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚነበብ ልነግራቸው እችላለሁ። ጣታቸው ነጥቡን መለየት አቅቶት ሲናደዱ ግን የምላቸው የለኝም። አንቺ አልፈሽበታል። ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ። ስሌትሽን ይዘሽ ነይ።