የተሰረዘው የዱቤ መዝገብ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሱቃችን የሽያጭ ፕሮግራም ዳታውን የሚያስቀምጠው በኤስኪውላይት፣ ማለትም ሁሉን ነገር በአንድ ፋይል ውስጥ በሚይዝ ዳታቤዝ ነው። ባለፈው ወር የሁለት ዓመት አሮጌ ሽያጭ ሰረዝኩ። ፋይሉ ግን ያው 340 ሜጋ ነው፤ ንቅንቅ አላለም። የዳታቤዝ ፋይልን ውስጡን ገልጠው የሚያሳዩ መሣሪያዎች እንዳሉ ሰማሁ። ጓደኛዬ “እሱ ዳታቤዝ ለሚሠሩት ነው፣ አንተ ምን ያደርግልሃል?” አለኝ። እውነት ጊዜ ማባከን ነው? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እኔም እንደ ጓደኛህ ስል ነበር፣ እስካፍር ድረስ።

መጀመሪያ ያንተን ጉዳይ እንጨርስ። ኤስኪውላይት ፋይሉን እኩል በሆኑ ገጾች ይከፍለዋል። ካልተቀየረ በቀር፣ ከ2016 (በፈረንጆቹ) ወዲህ በወጡት ስሪቶች አንዱ ገጽ 4096 ባይት ነው። ስለዚህ 340 ሜጋህ 87,040 ገጽ ይሆናል። ስትሰርዝ ባዶ የቀሩት ገጾች ለዲስኩ አይመለሱም። “ነፃ” ተብለው ተመዝግበው የነገን ሽያጭ ይጠብቃሉ። ፕራግማ ፍሪሊስት ካውንት የሚለው ትእዛዝ ስንት እንደሆኑ ይነግርሃል። 61,000 ቢልህ በ4096 አባዛው፤ 250 ሚሊዮን ባይት ገደማ ባዶ ቦታ ተሸክመሃል ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ኤስኪውላይት አናላይዘርን አስነሳ። የትኛው ሠንጠረዥ፣ የትኛው ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፋጥን ማውጫ) ስንት ገጽ እንደያዘ ይዘረዝርልሃል። በደንበኛ ስም ላይ የተሠራ ኢንዴክስ ካለህ እሱን ልብ በል፤ ጽሑፍ ወደ ባይት በሚቀየርበት በዩቲኤፍ 8 አንዷ ፊደላችን 3 ባይት ስለምትወስድ ቦታ ይበላል።

አሁን ወደ እፍረቴ። አንድ ፋርማሲ ያለው ወዳጄ ላፕቶፑን ሊሸጥ ነበር። የዱቤ መዝገቡን ከፕሮግራሙ ሰርዞ “ጠፍቷል አይደል?” አለኝ። ፋይሉ ውስጥ ጽሑፍ የሚፈልግ መሣሪያ ለቀቅኩበት። ምንም የለም። “ንጹህ ነው፣ ሽጠው” አልኩት። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ግን የፋይሉን ቅጂ ባይት በባይት ከፈትኩት። በስተቀኝ፣ ጽሑፍ በሚታይበት በኩል፣ ነጥብ ብቻ ተደርድሯል። በስተግራ ያሉት ቁጥሮች ላይ ግን 225 በየሦስት ባይቱ እየተመላለሰ ይመጣል። ፊደላችን ነዋ! “አ” ማለት 225፣ 138፣ 160 ነች። መሣሪያዬ ለካ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነበር። አንድ ረድፍ ሲሰረዝ ብዙ ጊዜ የሚደመሰሱት የመጀመሪያዎቹ 4 ባይቶች ናቸው፤ የቀረው ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዚያው ይተኛል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከነወሰደው መድኃኒት ተደርድሮ አገኘሁት። በሌሊት ደወልኩለት። ደግነቱ ላፕቶፑ ገና አልተሸጠም።

ላንተ ፋይሉን የሚያሳንሰው ቫኪዩም የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ ፋይሉን ያለ ባዶ ገጾቹ እንደገና ይጽፈዋል። ፕሮግራሙን ዝጋ፣ ቅጂ አስቀር፣ ከፋይሉ እጥፍ የሚሆን ባዶ ቦታ ዲስኩ ላይ ይኑርህ። ሴኪዩር ዲሊት የሚባለውንም የኤስኪውላይት ቅንብር አብራው፤ ከዚያ በኋላ የምትሰርዘውን በዜሮ ይሸፍነዋል። ከዚያ በፊት ግን ያንን የነፃ ገጽ ቁጥር እየውና ጻፍልኝ፤ እኔ ከ50,000 በላይ ነው ብዬ እወራረዳለሁ።