«እምቢ ማለት ከበደኝ»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው። ሰው ላለማስቀየም ሲባል እሺ የተባለው ነገር በዝቶ፣ ለዋናው ጉዳይ ጊዜ ጠፍቷል።

ጥያቄ፦ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው። ሦስት እድር አለኝ፦ ያደግኩበት ሰፈር፣ የአሁኑ ሰፈርና የመሥሪያ ቤት። በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም ማህበር አለኝ። እቁብም እጥላለሁ። ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፤ አብሬያት የምቀመጥበት ጊዜ ግን የለኝም። የቱን ልተው? ምን ብዬስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እድሩና ማህበሩ ከርሞም አሉ፤ የልጅሽ ፈተና ግን ዘንድሮ ነው። ከዚህ እንነሳ።

የምትኖሪበትን ሰፈር እድር አትንኪው። ክፉ ቀን ሲመጣ ድንኳን የሚተክልልሽ እሱ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ከደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ ጊዜሽን ብዙም አይሻማም፤ ይቆይ። የሚለቀቀው ያደግሽበት ሰፈር ነው። ወላጆችሽ ወይም ወንድምሽ እዚያው አባል ከሆኑ ቤታችሁ ተወክሏል። ስም ማዛወር የሚፈቅድ እድርም አለና ደንቡን ጠይቂ። ብቻ ዝም ብለሽ አትጥፊ። ሰው የሚቀየመው ቅጣትና ውዝፍ ተጠራቅሞ ስም ሲሰረዝ ነው። ወርሃዊው ስብሰባ ላይ ሄደሽ፣ ያለብሽን ከፍለሽ፣ ለዳኛው በግልጽ ንገሪው። ለቅሶ ለመድረስ አባልነት አያስፈልግም። የሚቀርብሽ ሰው ሲያዝን እንደ ድሮው ሄደሽ ትቀመጫለሽ።

ከማህበሮቹም አንዱን ልቀቂ፤ ተራሽን ሳትደግሺ ግን አይሆንም። የሌላውን ጠላና ዳቦ ቀምሶ፣ ጽዋው እኔ ጋ ሊደርስ ነው ሲባል መውጣት ያስወቅሳል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። ደግሰሽ፣ ጽዋውን ለተረኛዋ አስረክበሽ፣ እዚያው ቁጭ ባሉበት የልጅሽን ነገር አጫውቻቸው። አብዛኞቹ እናቶች ናቸው፤ ይገባቸዋል። እቁቡን ዙሩ እስኪያልቅ ጣዪ። እጣ ወጥቶልሽ ከተውሽው ዋስሽን ማስያዝ ነው። ለቀጣዩ ዙር ግን አትመዝገቢ።

ጥያቄ፦ ከጥር እስከ ሚያዝያ ሦስት ጓደኞቼ ያገባሉ። ሦስቱም ሚዜ ሁንልን ብለውኛል። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን ደግሞ ሰኔ ላይ አቀርባለሁ።

መልስ፦ ሚዜነት በአንድ ቅዳሜ አያልቅም። ሱፍ መለካቱ፣ የአዳራሽና የመኪና ሩጫው፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ አለ። በጣም ለሚቀርብህ ለአንዱ ብቻ ሁን። ለሁለቱ ዛሬውኑ ደውልላቸው። «እናያለን» ካልካቸው እሺ እንዳልክ ይቆጥሩታል፤ ቀኑ ሲደርስ ሌላ ሚዜ ፍለጋ ይሯሯጣሉ። በሰርጋቸው ቀን ተገኝና ጨፍርላቸው። በመሃል ደግሞ ዐቢይ ጾም አለልህ፤ 55 ቀን ሙሉ የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም። ጽሑፉን ያኔ ግፋበት።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ሁለት ሥራ እሠራለሁ። በዋትስአፕ መዋጮ የማይጠየቅበት ሳምንት የለም፦ የአብሮ አደግ ሕክምና፣ የቤተ ክርስቲያን ግንባታ፣ የተማርንበት ትምህርት ቤት። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ የምልከው እየዘገየ ነው።

መልስ፦ እናትህ ትቅደም። ደመወዝ በገባ ቀን መጀመሪያ የእሷን ላክ። ከቀረው ላይ ለመዋጮ የሚሆነውን ለይ። ካለቀ አለቀ። ሁሉም ጉዳይ ጥሩ ነው፤ ይገባኛል። ግን ለሁሉም ሃያ ሃያ ዶላር ከመበተን፣ አንዱን ይዘህ እስከ መጨረሻው ብታግዝ እመርጣለሁ። ለሌሎቹ ሰብሳቢዎች ለየብቻ ጻፍላቸው፤ ቡድኑ ውስጥ ክርክር አትክፈት። ማታ 5 ሰዓት ከሥራ ስትወጣ አዲስ አበባ ነግቷልና ለእናትህም ደውልላት። ከገንዘቡ እኩል ድምፅህን ትፈልጋለች።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን ኮሚቴ በተቋቋመ ቁጥር እኔን ይመርጡኛል። አለቃዬን እንዴት እምቢ ልበለው?

መልስ፦ አንተ እምቢ ከምትል እሱ ይምረጥ። የያዝካቸውን ሥራዎች ከነማስረከቢያ ቀናቸው በአንድ ወረቀት ጽፈህ «አዲሱን ከያዝኩ የቱ ይዘግይ?» በለው። ለሚቀጥለው ምርጫ ደግሞ ገብቶ መሥራት የሚፈልግ አዲስ ሠራተኛ ቀድመህ አነጋግርና ስምህ ሳይጠራ እሱን ጠቁም።